«ነገ ይደርሳል» እያልኩ ዘጠኝ ቀን አለፈ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ሥራ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሁሉም ከጎጃም የተላኩ ናቸው። በተቀጠረለት ቀን ስላልደረሰ ሥራ የሚያነሡ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ደብዳቤዎቹን ያሳጠርናቸው ሲሆን የጸሐፊዎቹንና የድርጅቶቹን ስም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ዱቄት ፋብሪካ በሂሳብ ባለሙያነት ስሠራ አራተኛ ዓመቴ ነው። የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ የስንዴ ግዥውን ከመጋዘን መዝገብ ጋር አስታርቄ ሐምሌ 20 ቀን እንዳስረክብ በጽሑፍ ታዝዤ ነበር። ከቢቸናና ከደንበጫ የግዥ ጣቢያዎች የሚላኩት ደረሰኞች መንገድ በመዘጋቱና ኔትወርክ በመቋረጡ በጊዜ አልደረሱኝም። ሥራ አስኪያጁ በጠየቁኝ ቁጥር «ነገ ይደርሳል» እያልኩ ዘጠኝ ቀን አሳለፍኩ። ሐምሌ 29 ቀን የውጭ ኦዲተሮች ከባሕር ዳር መጥተው ሂሳቡ ስላልተዘጋ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ማብራሪያ እንድሰጥ በደብዳቤ ስጠየቅ ጥፋቱ የጣቢያዎቹ መሆኑን ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁም «ይህ ሰበብ ነው» አሉኝ። ሥራው እስካሁን አላለቀም፤ እኔም ቢሮ ውስጥ ቀና ብዬ ሰው ማየት አቅቶኛል። ከሥራ ልባረር እችላለሁ? አመኔታቸውንስ በምን ልመልስ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ በመጀመሪያ ሥራ አስኪያጅዎ «ሰበብ» ያሉትን ነገር ለይተን እንመልከተው። ደረሰኞቹ አለመድረሳቸው እውነት ነው፤ በዚህ አካባቢ ሥራ የሚመራ ሰው መንገድ በድንገት እንደሚዘጋ፣ ስልክም ለቀናት ዝም እንደሚል ያውቃል። እርስዎ ግን የተጠየቁት ደረሰኙ ለምን እንደዘገየ ብቻ አይመስለኝም። ሐምሌ 20 እንደማይደርስልዎ ያወቁት መቼ ነበር? ከደብዳቤዎ እንደምረዳው የቀጠሮው ቀን ሳምንት ሲቀረው፣ የቢቸናው ጥቅል ከነጭራሹ ባልመጣበትና የደንበጫው ገና በግማሹ ላይ በነበረበት ጊዜ፣ ነገሩ ለእርስዎ ግልጽ ሆኖ ነበር። ያን ዕለት ተናግረው ቢሆን ኖሮ ሥራ አስኪያጅዎ ለኦዲተሮቹ ደውለው ቀጠሮውን ሊያስለውጡ፣ መንገዱ በተከፈተበት ቀን ሰው ልከው ጥቅሉን ሊያስመጡ፣ ካልሆነም የደብረ ማርቆሱ መጋዘን ሂሳብ ብቻ አስቀድሞ እንዲመረመር ሊጠይቁ ይችሉ ነበር። እያንዳንዱ «ነገ ይደርሳል» ከእነዚህ አማራጮች አንዱን ከእጃቸው አስወጣባቸው። በማብራሪያዎ ላይ የጻፉት ምክንያት እውነት ሆኖ ሳለ ሰበብ የመሰላቸው ቀኑ ካለፈ፣ እንግዳም ባዶ እጁን ከተመለሰ በኋላ ስለሰሙት ነው።

ይህን የምለው ነገሩን በእኔ ላይ ስለማውቀው ነው። ወጣት ሳለሁ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ። የዓመቱ ክንውን ሪፖርት ሰኔ 25 ቀን ለኃላፊያችን መቅረብ ሲገባው ከግማሽ በላይ አልተሠራም ነበር። የኃላፊያችን ክፍል በር ወደ ዋናው ኮሪደር ስለሚከፈት ለአራት ቀናት ያህል በዚያ ማለፍ ትቼ በጓሮ ዞሬ እገባ ጀመር። የሰኔ ዝናብ ጓሮውን ጭቃ አድርጎት ስለነበር ከጓሮው በር እስከ ጠረጴዛዬ ድረስ የጫማዬ ዱካ ይታይ ነበር። በአምስተኛው ቀን ኃላፊያችን ወደ እኔ መጥተው ወለሉን እያመለከቱ «እንዳልጨረስሽ ያወቅሁት በዚህ ነው፤ ነግረሽኝ ቢሆን ግን ሁለት ሰው እሰጥሽ ነበር» አሉኝ። ሁለቱ ሰዎች በዚያው ዕለት ተሰጡኝ፤ ሪፖርቱም ሰኔ 30 ማታ ላይ ደረሰ። ነገር ግን እነዚያ አራት ቀናት በከንቱ አለፉ፤ ሌሎቹም ለእኔ ሲሉ እስከ ምሽት ድረስ ሲሠሩ ከረሙ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እነዚያን ሰዎች በአራት ቀን ቀድሜ መጠየቅ እየቻልኩ መደበቄ ነው።

ጎጃም ውስጥ ገጠር ያደገ ሰው ወንፈልን ያውቃል። የወንፈል ተራ የደረሰበት ገበሬ ጠላውንና እንጀራውን አሰናድቶ የሚጠብቀው ሊመጡ ቃል የሰጡትን ሰዎች ቁጥር ይዞ ነው። የታመመ ወይም ለቅሶ የገጠመው ሰው ምትክ ይልካል፤ ምትክ ካጣም በዋዜማው ሰው ልኮ ያሳውቃል። ሳይልክ የቀረ ሰው የሚነቀፈው አንድ ቀን ባለመሥራቱ ብቻ አይደለም፤ ባለተራው በእሱ ልክ አስቦ ያሰናዳው ሁሉ ስለሚበላሽም ጭምር ነው። የእርስዎም ሐምሌ 20 እንዲሁ ነው። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ቀን ላይ የኦዲተሮችን ጉዞ፣ ኦዲተሮቹም በዚያ ጉዞ ላይ የራሳቸውን የሌላ ድርጅት ቀጠሮ ገንብተውበታል።

አሁን ወደሚደረገው ነገር እንግባ። ለሥራ አስኪያጅዎ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፉ፤ አጭር ይሁን፤ በአንድ ገጽ ይለቅ። ስለ መንገዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያንሡ። የሚከተለውን ለእርስዎ ሁኔታ እንዲስማማ አድርገው ሊጠቀሙበት ይችላሉ፦

«ሐምሌ 20 ቀን ማስረከብ የነበረብኝን የግዥ ሂሳብ ማስታረቂያ ሳላስረክብ ቀርቻለሁ። በቀኑ እንደማይደርስ አስቀድሜ እያወቅሁ ለእርስዎ ባለማሳወቄ ኦዲተሮቹ ሥራቸውን ሳይሠሩ እንዲመለሱ ምክንያት ሆኛለሁ፤ ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ የደብረ ማርቆስ መጋዘን ሙሉ በሙሉ፣ የደንበጫ ጣቢያ ደግሞ እስከ ሚያዝያ ወር ድረስ ተዘግቷል። የቀሩት ደረሰኞች 900 ናቸው። በቀን 150 ደረሰኝ መመዝገብ ስለምችል ምዝገባው 6 የሥራ ቀናት ይፈጃል። ለማስታረቅ 2 ቀን፣ ለሚያጋጥም መቋረጥ 1 ቀን ጨምሬ በ9 የሥራ ቀናት ውስጥ አስረክባለሁ። የተሠራውን በየሦስት ቀኑ አሳይዎታለሁ። ከቢቸና የሚቀረው የሰኔ ወር ጥቅል እስከ መጪው ሰኞ በእጄ ካልገባ ያንኑ ዕለት አሳውቃለሁ።»

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ የእርስዎን ግን ቆጥረው ይጻፉ። «ነገ» ሲሉ የነበሩት ሳይቆጥሩ ነው፤ በቀን 150 ደረሰኝ የሚመዘግብ ሰው 900 ደረሰኝ ይዞ «ነገ» ሊል አይችልምና። ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት አንድ ሰዓት ወስደው ጥቅሎቹን በጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ። በሚኒባስ ሹፌር እጅ በፌስታል ተጠቅልሎ የመጣ ደረሰኝ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ በክር ታስሮ፣ ጠርዙ በዝናብ ርሶ፣ ኪሎው የተጻፈበት ቀለም ወደ ታችኛው ቅጠል ተላልፎ ይመጣል። የማይነበበውን ለብቻው ያስቀምጡ፤ ከጣቢያው ሰው ጋር በስልክ ተነጋግረው የሚጣራው እሱ ነው፣ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚወስደውም እሱ ነው። ከዚህ በኋላ የሚሰጡት ቀን የሚታመን ቀን ይሆናል። አዲሱን ቀን አጥብበው እንዳይሰጡም አደራ እላለሁ። ያጠፋ ሰው ለመካስ ሲል አጭር ቀን መስጠት ይቀናዋል፤ ያ ቀን ሁለተኛ ጊዜ ካለፈ ግን ሦስተኛውን ደብዳቤ የሚያነብልዎ አያገኙም።

ያለፈውን ለመካካስ ሌሊት ሙሉ ልሥራ እንዳይሉም እመክራለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው ጣሪያው። ሕጉ እንዲህ ቢልም እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ በደከመ ዓይን የተመዘገበ ሂሳብ ነው፤ 43 ኩንታል 34 ሆኖ ሲገባ ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት ከምዝገባው ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል።

ስለ መባረር ለጠየቁት፦ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሥራ ማሰናበት የሚቻልባቸው ምክንያቶች በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 27 ተዘርዝረዋል። ብዙ ሰው ከዚህ ጋር የሚያምታታው «በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ» የሚለውን ነው፤ እሱ ግን ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው ወደ ሥራ አርፍዶ ሲገባ የሚመለከት ነው እንጂ ሥራን አዘግይቶ ስለማስረከብ የተጻፈ አይደለም። አንድን ሂሳብ አንድ ጊዜ አዘግይቶ ማቅረብ በስሙ ተጠቅሶ ከዝርዝሩ አይገኝም። ሆኖም የኅብረት ስምምነትና የሥራ ደንብ የራሳቸው የቅጣት ደረጃ ሊኖራቸው ስለሚችል የእርስዎን ድርጅት ደንብ አስፈልገው ያንብቡ። የተሰጥዎት የማብራሪያ ጥያቄና የሰጡት መልስ በግል ማኅደርዎ ውስጥ እንደሚቀመጡም አይዘንጉ፤ ሁለተኛው ደብዳቤ ከመጀመሪያው ጎን እንዲገባ የምመክረው ለዚህም ጭምር ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ነገር አይለፍዎት። ሐምሌ 20ን የቆረጡት ሥራ አስኪያጅዎ ናቸው፤ በጊዜ ከተነገራቸውም ሊያራዝሙት ይችሉ ነበር። የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ዓመታዊ ግብሩን የሚያሳውቅበት ጊዜ ግን ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው፤ ይህን ቀን ሥራ አስኪያጅዎም ሆኑ ኦዲተሮቹ አያራዝሙትም። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በወቅቱ ሳያሳውቅ የቀረ ግብር ከፋይ ባልተከፈለው ግብር ላይ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ መቀጫ ይጣልበታል። ስለዚህ ጠረጴዛዎ ላይ ያሉትን ሥራዎች ለሁለት ይክፈሉ፤ በሰው ቃል የሚራዘሙትን በአንድ በኩል፣ በሕግ የተቆረጡትን በሌላ በኩል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተጋጩ ለሥራ አስኪያጅዎ «የትኛው ይቅደም?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አመኔታቸውን በምን እንደሚመልሱም ጠይቀዋል። በየሦስት ቀኑ አሳያለሁ ያሉትን በሦስተኛው ቀን ይዘው ይግቡ፤ ሥራው ያነሰ ቢሆን እንኳ ይዘው ይግቡ። ለቢቸናና ለደንበጫ ጣቢያ ሠራተኞችም ይደውሉላቸው። በመጀመሪያው ማብራሪያዎ ጥፋቱን በሙሉ በእነሱ ላይ ጥለዋልና ያን ሳይሰሙ አይቀሩም፤ የሚቀጥለው ጥቅል የሚመጣውም ከእነሱ እጅ ነው።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ጥር 18 ቀን ለሚደረግ ሠርግ አልጋና ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን በ65,000 ብር ለመሥራት ተዋውዬ 20,000 ብር ቀብድ ተቀበልኩ፤ የማስረከቢያው ቀን ጥር 10 ነበር። አልጋውን በቀኑ አስረከብኩ። ቁም ሣጥኑ ግን የገዛሁት ዋንዛ እርጥብ ሆኖ በሮቹ ስለተጣመሙብኝ፣ መብራትም ስለጠፋ፣ ከሠርጉ አምስት ቀን በኋላ ደረሰ። የሙሽራው ቤተሰብ ቁም ሣጥኑን አንቀበልም፣ ቀብዱንም እጥፍ አድርገህ መልስ ብለውኛል። ሕጉ ይፈቅድላቸዋል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የሚናገሩት ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ያሉት ናቸው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ሲያፈርስ የሰጠውን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ወገን ሲያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እርስዎ ግን ውሉን አላፈረሱም፤ ያዘገዩት ነው። ስለዚህ እጥፍ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በቀጥታ የሚቆም አይመስለኝም። በወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ይሁን «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ መጻፉም ለውጥ ያመጣል፤ ቅድሚያ ክፍያ የዋጋው አካል እንጂ የውል መያዣ አይደለም።

ነገር ግን ይህ ሙሉ በሙሉ ነፃ ያወጣዎታል ብዬ ባጽናናዎት እበድልዎታለሁ። እንደ አንቀጽ 1772 አንድ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ መብቱን ከመጠየቁ በፊት ለሌላው ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባዋል፤ ውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ካልሆነ የማይፈጸም ሲሆንና ያ ጊዜ ሲያልፍ ግን በአንቀጽ 1775 መሠረት ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም። ሠርግ የዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ዋና ምሳሌ ነው። ጥር 18 የተፈለገ ቁም ሣጥን ጥር 23 ቢደርስ የሙሽሮቹ ልብስ አምስት ቀን በሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል፣ እንግዳም ባዶ ግድግዳ አይቶ ሄዷል ማለት ነው። የመብራት መጥፋትን ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ብለው ቢያቀርቡም እንዲህ ያለው መከላከያ የሚሠራው አስቀድሞ ሊታሰብ ለማይችል ነገር ነው፤ መብራት በየሳምንቱ በሚጠፋበት ከተማ መጥፋቱን አላሰብኩም ማለት ይከብዳል።

እንደ እኔ ከሆነ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ወደ ቤተሰቡ ይሂዱ። አልጋውን ስለተቀበሉ የአልጋው ዋጋ ተሰልቶ ከ20,000 ብሩ ጋር ይተሳሰብ፤ ቁም ሣጥኑን በቅናሽ ለመውሰድ ከፈቀዱ ቅናሹን እርስዎ ቀድመው ይጥሩ፣ ካልፈቀዱም እርስዎ ጋር ይቅር፤ ጥር ገና አላለቀም፣ ከፋሲካ በኋላም ሌላ የሠርግ ወቅት አለ። በአንድ ከተማ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ሰው ክርክሩን ቢረታም የሠርግ ሥራ ላያገኝ ይችላል።

ለወደፊቱ ደግሞ የጥር ሥራ የሚበላሸው በጥር አለመሆኑን ልብ ይበሉ። የገና ጾም ሳይፈታ ሠርግ ስለማይደረግ፣ ዐቢይ ጾምም ከፊት ስለሚመጣ፣ ትእዛዙ ሁሉ በጥር ላይ ይከመራል። በክረምት መውጫ የተሰነጠቀ ዋንዛ ደግሞ ውስጡ እንደረጠበ ነው፤ በጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ቀጭን እንጨት ገብቶበት፣ አየር እያገኘ ካልከረመ በር ሆኖ ከተሠራ በኋላ ይጣመማል፣ መጋጠሚያውም ይከፈታል። ለጥር የሚሆነውን እንጨት ካለፈው በጋ ገዝተው ያስቀምጡ። ገንዘቡ ካልፈቀደልዎ ከሦስት ትእዛዝ ሁለቱን ብቻ ይቀበሉ። ቀን ሲሰጡም መብራት የሚጠፋበትን ቀን ከሥራ ቀን ቀንሰው ይቁጠሩ፤ በሮቹ መጣመማቸውን ባዩበት ዕለትም ለቤተሰቡ ይደውሉ፣ ምናልባት ለሠርጉ ሰሞን ከዘመድ ቤት ቁም ሣጥን ይዋሱ ነበር።

ጥያቄ፦ እንጅባራ ውስጥ በአንድ ፕሮጀክት የቡድን መሪ ነኝ። ከአምስቱ የቡድኔ አባላት አንዷ የምትሠራው ሥራ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ ከቀኑ ያልፋል። ተቆጥቼአለሁ፣ መክሬአለሁ፣ ለውጥ የለም። ማስጠንቀቂያ ልጻፍባት?

መልስ፦ ማስጠንቀቂያውን ከመጻፍዎ በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ። የመጀመሪያው ቀኑን ማን እንደቆረጠው ነው። እርስዎ ቆርጠው ከሰጧት ቀኑ የእርስዎ ነው፤ «ይህ ሥራ ስንት ቀን ይፈጅብሻል?» ብለው ጠይቀው ራሷ የተናገረችውን ቀን ይያዙ፤ አጭር መስሎ ከታየዎትም ያስረዝሙላት። ሁለተኛው ቀኑ በትክክል የታወቀ መሆኑ ነው። «እስከ ዓርብ» ማለት ለአንዱ ዓርብ ጠዋት 2:30፣ ለሌላው ዓርብ ማታ 11:30 ነው። ከውጭ ለጋሽ ጋር በሚሠራ ፕሮጀክት ውስጥ ደግሞ የቀን አቆጣጠሩ ራሱ ያሳስታል፤ ለጋሹ «ጁላይ 31» ብሎ የጻፈው በእኛ ሐምሌ 24 ነው፣ «5:00 ፒኤም» ያለውም ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ይህን አንድ ሰው ተርጉሞ በግድግዳ ላይ ባይለጥፍ ሐምሌ 31 የሚባል ቀን ሲጠብቅ የሚውል ሊኖር ይችላል። ሦስተኛው ሥራው በአንድ ጊዜ ተጠቃሎ የሚመጣ መሆን አለመሆኑ ነው። ጥሩ የሚሠሩ ሰዎች የሚዘገዩት ብዙ ጊዜ ያልተጣራ ነገር ለሰው ማሳየት ስለሚያፍሩ ነው። የሃያ ቀን ሥራ ከሆነ በአምስተኛው ቀን ረቂቁን፣ ያልታረመውን፣ ይዛ እንድትመጣ ያድርጉ፤ በመጣችም ጊዜ በስህተቱ አይውቀሷት፣ ምን እንደቀራት ብቻ ይጠይቋት።

ይህን ሁሉ አድርገው ለሁለት ወር ያህል ካልተለወጠች ያን ጊዜ ይጻፉ። ደብዳቤው የትኛው ሥራ፣ በየትኛው ቀን መድረስ ሲገባው በየትኛው ቀን እንደደረሰ፣ በመዘግየቱም ማን ምን እንደቆየበት በቁጥር የሚናገር ይሁን፤ ከመስጠትዎ በፊትም ለብቻዋ ጠርተው ያንብቡላት።